ቦቴው የጫነው ምን ነበር?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር ማስታወሻ በአንባብያን ዐምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሰሞኑን በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት፥ እ.ኤ.አ. በ2022 በፈረንጆች ገና ዋዜማ በደቡብ አፍሪካ በቦክስበርግ ከተማ የፈነዳው ቦቴ ነገር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ባልደረባዬ የጫነው ቤንዚን ነው አለ፤ ሁለተኛው ናፍጣ ነው አለ፤ ሦስተኛው ግን «ምን ለያየው? ሁሉም ነዳጅ አይደለም ወይ?» ብሎ ክርክሩን ዘጋው። እኔን ብዕር ያስነሣኝ የዚህ የሦስተኛው ንግግር ነው።

ጭነቱ ከሁለቱም አልነበረም፤ ለምድጃ በሲሊንደር የሚሸጠው ፈሳሽ ጋዝ ነበር። ቦቴው ከዝቅተኛ ድልድይ ሥር ተቀረቀረ፤ ጋዙ አፈተለከ፤ እሳት ተያያዘ፤ ሰውም ለማየት ቀረበ። ከዚያ በኋላ ታንኩ ፈንድቶ በአቅራቢያው ያለውን የታምቦ መታሰቢያ ሆስፒታል ሳይቀር ጎዳ፤ የሞቱትም 40 ያህል ናቸው። በ2021 በፍሪታውን የተጋጨው ቦቴ ግን ቤንዚን የጫነ ነበር፤ ከ100 በላይ ሰዎችን የፈጀውም የፈሰሰውን ሊቀዱ በተሰበሰቡበት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ የሚነድ ትነት ይሰጣል፤ ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ አይያያዝም። ፈሳሽ ጋዝ ያለበት ታንክ በእሳት ሲከበብ ደግሞ፥ ቆሞ መመልከትም የሞት መንገድ ነው። እንግዲህ ሁሉም አንድ ነው ወይ?

ነገሩን ይበልጥ የሚያውከው የገዛ አነጋገራችን ነው። ለኩራዝ የምንገዛውንም፥ በሲሊንደር የሚመጣውንም «ጋዝ» እንላለን። «የጋዝ ቦቴ ተገለበጠ» ሲባል የሰማ ሰው የትኛውን ይያዝ? ደግሞም አንድ ቦቴ ቤንዚንና ናፍጣ በየክፍሉ ለይቶ ሊጭን ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ሾፌር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ተጎጂ ነው።

በአውሮፓ ቦቴዎች ብርቱካንማ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ 1203 ቤንዚን፥ 1202 ናፍጣ፥ 1965 ፈሳሽ ጋዝ ማለት ነው። እሳት አጥፊው ይህን ከሩቅ አንብቦ ለቤንዚን አረፋ ያዘጋጃል፤ ለጋዝ ግን ታንኩን በውሃ እያቀዘቀዘ ሕዝቡን አስቀድሞ ያርቃል።

የእኛም ነዳጅ ከጅቡቲ በቦቴ የሚጓዝ ስለ ሆነ፥ ጋዜጣዎ እንዲህ ያለ አደጋ ሲዘግብ የጭነቱን ዓይነት ለይቶ ቢጽፍ፥ ገና ካልተጣራም «አልተጣራም» ብሎ ቢያትም እወዳለሁ። የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖችም ስለ ቁጥሩ ሰሌዳ በዚሁ ዐምድ ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣው አንባቢ
ከአዲስ አበባ