መጽሐፍ ያነበበ ልጅና ሦስቱ የካብ ድንጋዮች

ልጆች ሆይ፥ ፊደል መቍጠር ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ማንበብ የቻለ ሁሉ ጥበበኛ ሆነ ማለት አይደለም። ፊደል የሚያውቅ ሰው የአባቶቹንና የእናቶቹን ሥራ የናቀ እንደ ሆነ፥ ዕውቀቱ ለራሱም ለአገሩም አይጠቅምም። ይህን የምላችሁ ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም፤ በልጅነቴ በገዛ ጥፋቴ የተማርሁት ነው። እንግዲህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ይደርሳልና ብርዷ ብርቱ ነው። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በዚህችም አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርዳል። ስለዚህ በደሴ ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ በትከሻው ላይ ይጥለዋል። የቦርከና ወንዝም እንደ መንገደኛው ከደሴ ቍልቍል ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ያልፋል። መንገደኛው የሚወርደው ጋቢውን ይዞ ነው፤ ወንዙ ግን በክረምት የሚወርደው የገበሬውን አፈር ይዞ ነው።

እኔ ያደግሁት በዚህ ቍልቍለት ላይ፥ በአያቴ ቤት ነው። አያቴ ፊደል የቈጠሩ ሴት አልነበሩም። ነገር ግን የዝናቡን መምጫ፥ የዘሩን ዓይነት፥ የመሬቱን ጠባይ ሁሉ በቃላቸው ያውቁ ነበር። በቤታቸውም በከንቱ የሚጣል ነገር አልነበረም። እንስራ ቢሰበር ገሉ የዶሮ ውኃ መጠጫ ይሆናል። የምድጃው አመድ ወደ ጓሮው ጎመን ይሄዳል። የማሽላው አገዳ ለከብት መኖ፥ ለአጥርና ለማገዶ ይከፈላል። ከማሽላውም ራስ እጅግ ያማረው ለዘር ተመርጦ፥ ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ በጢስ ውስጥ ይሰቀላል። የቱንም ያህል ቢርባቸው አያቴ ከዚያ ዘር አንዲት ፍሬ አይነኩም ነበር።

እርሻችን ዘቅዛቃ ስለ ነበረ በድንጋይ ካብ የተደገፈ ነበር። ካቡን የሠሩት የአያቴ ባል አባት ናቸው። ድንጋዩን ከሜዳው እየለቀሙ፥ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደሩ፥ ስንት ዓመት እንደ ደከሙ የሚያውቅ የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን በሰኔ ወር፥ የማሽላው ቡቃያ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ባለ ጊዜ፥ አያቴ ጠሩኝና፦ «ልጄ፥ የላይኛው ካብ ሦስት ድንጋይ ጥሏል። ዛሬ ሌሊት ዝናብ ይመጣል፤ ሳይመሽ ሂድና መልሰህ ካብልኝ» አሉኝ።

እኔ ግን በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት የንባብ መጽሐፍ ተውሼ መጥቼ ነበርና ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳላነሣ፦ «እማማ፥ እኔ ተማሪ ነኝ። ድንጋይ መካብ ፊደል የማያውቅ ሰው ሥራ ነው» ብዬ መለስሁ። እርሳቸው ጕልበታቸው ደክሞ ነበርና ወደ ላይ መውጣት አልቻሉም። ምንም ሳይናገሩ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሌሊት መብረቅ ብልጭ አለ፤ ዝናቡም ወረደ። ጎርፉ ሦስቱ ድንጋዮች በወደቁበት ቀዳዳ ገባ፤ ከዚያም በግራና በቀኝ ያሉትን ድንጋዮች እየናደ በሩን አሰፋ። በነጋ ጊዜ ወጥቼ ብመለከት የእርሻችን እኩሌታ ቡቃያው ከነአፈሩ ተጠርጎ ሄዷል። ትናንት ማሽላ በነበረበት ስፍራ ሰው የሚያቆም ቦረቦር ተከፍቷል። ከታች የቦርከና ውኃ ደፍርሶ ቡናማ ሆኖ ይወርድ ነበር።

አያቴ አልመቱኝም፤ አልሰደቡኝምም። ከተረፈው መሬት አንድ እፍኝ አፈር ዘገኑና፦ «ማሽላስ ከገበያ ይገዛል፤ ይህ አፈር ግን በየትኛው ገበያ ይሸጣል?» አሉኝ። እኔም የምመልሰው ቃል አጣሁ።

በዚያ ዓመት እህሉ አልበቃንምና አያቴ አንዲቱን ፍየላቸውን ኮምቦልቻ ገበያ አውርደው ሸጡ። ያች ፍየል ለደብተሬና ለልብሴ መግዣ የታሰበች ነበረች። ስለዚህ በመስከረም ጓደኞቼ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ያን ዓመት ሙሉ ሥራዬ ድንጋይ መልቀምና ካብ መካብ ሆነ። ንቄው የነበረው ሥራ እንዲህ አድርጎ አስተማረኝ።

ልጆች ሆይ፥ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። አፈርም የሚሄደው እንዲሁ ነው። በአንድ ቀን አያልቅም፤ ዛሬ ጥቂት፥ ነገ ጥቂት እየተባለ ድንጋዩ አፍጦ እስኪታይ ድረስ ይሄዳል። የአንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር እስኪፈጠር ብዙ ትውልድ ያልፋል፤ ለመታጠቡ ግን ጥቂት ክረምት ይበቃዋል።

ከዚህም ጥቂት ቈይቶ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረኀብ ሆነ፤ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ይህን ረኀብ ያመጣው የካብ መፍረስ ብቻ ነው አልልም። ዝናቡ ቀርቶ ነበር፤ ለተራበውም ሕዝብ እርዳታው ዘግይቶ ነበር። ነገር ግን የሳሳ መሬት የመጣለትን ጥቂት ዝናብ እንኳ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚጐዳው አፈሩ የታጠበበት ሰው ነው።

ኋላ እኔም ወደ ትምህርቴ ተመልሼ መምህር በሆንሁ ጊዜ፥ መጽሐፍና እርሻ የማይጣሉ መሆናቸውን አየሁ። ከደሴ በስተ ደቡብ ማይባር የሚባል ስፍራ አለ። በዚያም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 የኢትዮጵያ እርሻ ሚኒስቴርና በስዊስ አገር ያለው የበርን ዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር ጥበቃ የሚመረምር ጣቢያ አቆሙ። ሥራቸውም ዝናብ በዘነበ ጊዜ የዝናቡን ልክ መስፈር፥ የደፈረሰውን የወንዝ ውኃ በጠርሙስ መቅዳት፥ ከውስጡም ደለሉን ለይቶ አድርቆ መመዘን ነበር። እንዲህ በማድረግ ከገበሬው እርሻ ምን ያህል አፈር እንደ ሄደ በቍጥር ይጽፉ ነበር።

ይህን ባየሁ ጊዜ አያቴ ትዝ አሉኝ። ታርሶ ገና ሰብል ያልሸፈነው መሬት ብዙ አፈር እንዲያጣ፥ ሣርና ዛፍ የለበሰው ግን ጥቂት ብቻ እንዲያጣ እርሳቸው በዓይናቸው አይተው ያውቁ ነበር። የተማሩት ሰዎች ያንኑ ነገር በሚዛን አረጋገጡት፤ በመጽሐፍም ጽፈው ለሩቅ ሰው አደረሱት። የአያቴ ዕውቀት ግን ሳይጻፍ ከእርሳቸው ጋር ተቀበረ። ስለ ምን ቢሉ፥ በቤቱ ፊደል የሚያውቀው ልጅ እርሳቸውን መጠየቅ አሳፍሮት ነበርና ነው።

ንባብ የከተማ ሰው ሀብት ነው፤ ከገጠር ሥራ ጋር አይስማማም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ከደሴ በስተ ሰሜን በሐይቅ ያለውን የእስጢፋኖስን ገዳም ተመልከቱ። በዚያ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ ለገዳሙ ያበረከቱትም የወንጌል መጽሐፍ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ብራና የሚፋቀው ከእንስሳ ቆዳ ነው፤ ጥቁሩም ቀለም የሚበጠበጠው ከጥላሸት ነው። በወሎ የቁርኣን ቤቶችም ልጆች የሚማሩት በእንጨት ሰሌዳ፥ በሉህ ላይ ነበር። ትምህርቱ በቃል ከተያዘ በኋላ ሉሁ ታጥቦ ለሚቀጥለው ትምህርት ይዘጋጃል፤ አንዱ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። እንግዲህ የቀድሞዎቹ አንባቢዎቻችን የገጠር ሰዎች ነበሩ፤ ከእጃቸውም በከንቱ የሚባክን ነገር አልነበረም።

ይህን ስል የቀድሞው ኑሮ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። አያቴ እህል በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ያድሩ ነበር፤ ውኃም ከሩቅ በጀርባቸው ይሸከሙ ነበር። ወፍጮ ቤትና የቧንቧ ውኃ መምጣቱ ደግ ነው። መተው የሚገባውም ልማድ አለ። ደኑ ስለ መነመነ በብዙ ደጋ አገር ሰው ኩበት ያነዳል፤ ኩበቱ በምድጃ ከነደደ ግን ለእርሻው ፍግ አይቀርለትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶ ይረዳል፤ ነገር ግን ብዙ ውኃ ይጠጣልና በምንጭ አጠገብና በእርሻ ዳር ሊተከል አይገባም። አንባቢ ልጅ እንዲህ ያለውን ጥቅምና ጉዳት በሚዛን አስቀምጦ ሊመረምር ይገባዋል። አሮጌውን ሁሉ መናቅ ስንፍና ነው፤ አሮጌውን ሁሉ ማመስገንም እንዲሁ ስንፍና ነው።

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ካብ የለኝም» የሚል ከእናንተ መካከል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከደሴ የተጣለው ቆሻሻና ላስቲክ በጎርፍ ወደ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከናም ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከላይ ያለው የጣለውን ከታች ያለው ይቀበለዋል። ስለዚህ በቤታችሁ በር ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ እንዳይደፈን መጠበቅ የእናንተ ካብ ነው። የተቀደደ ደብተር መስፋት፥ ያነበባችሁትን መጽሐፍ ሳታበላሹ ለታናሻችሁ ማስተላለፍም የእናንተ ካብ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ዛሬ ወደ ቤታችሁ በተመለሳችሁ ጊዜ በመጽሐፍ ያነበባችሁትን ለአያታችሁ አንብቡላቸው። ከዚያም መጽሐፉን አጥፉና፦ «እርስዎ ደግሞ የሚያውቁትን ያስተምሩኝ» በሏቸው። ዘር እንዴት እንደሚመረጥ፥ ጎርፍ እንዴት እንደሚመለስ፥ ካብ እንዴት እንደሚካብ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። በገዛ እጃችሁም ሞክሩት፤ ካብ በወሬ ብቻ አይቆምምና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለ፥ ሦስት ድንጋይ ሲወድቅ መመለስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የሄደውን አፈር መመለስ ግን ከሰው ዕድሜ በላይ ነው። እኔ ዛሬ ሸምግያለሁ። ሆኖም ሰኔ በገባ ቍጥር ወደ አያቴ እርሻ እሄዳለሁ። ቦረቦሩ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም። በካቡ ዳር ቆሜ ከላይ እስከ ታች አያለሁ፤ የወደቀ ድንጋይ ባገኘሁ ጊዜም መጽሐፌን በሣሩ ላይ አኑሬ ድንጋዩን ወደ ስፍራው እመልሳለሁ።