ዝምታ ሁሉ ጤና አይደለም

በላስታ ደጋም ይሁን በሌላው የአገራችን ክፍል፥ ስኪዞፍሬንያ የተባለው የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ ሲጮኽ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ገሚሱ ወደ ጠበል፥ ገሚሱ ወደ ሐኪም ይወሰድ ይላል። ሕመምተኛው ዝም ያለ ዕለት ግን «ተመስገን፥ ዳነ» ተብሎ ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል። እኛም ዛሬ ልናመለክት የምንወደው የዚህን ዝምታ ነገር ነው።

ድምፁ ጸጥ ሲል ሰውዬው የጎደለበትን መቍጠር ይጀምራል። ትምህርቱ ተቋርጧል፤ ትዳሩ ፈርሷል፤ ባልንጀሮቹ ርቀዋል። በዚህ ጊዜ ድባቴ፥ ማለት ተስፋን የሚያደርቅ ጽኑ ኀዘን፥ ሊይዘው ይችላል። እንቅልፍና ምግብ አጥቶ ከሰው ሲሸሽ፥ ለቤተሰቡ የፊተኛው ሕመም ቅሪት ወይም ስንፍና ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው 100 ሰዎች 5 ያህሉ በገዛ እጃቸው እንደሚሞቱ በልዩ ልዩ አገር የተደረገው ጥናት ያስረዳል፤ ከዋነኞቹም ምክንያቶች አንዱ ድባቴ ነው።

መድኃኒት የግድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ብቻውን እንደማይበቃ በጉራጌ ምድር በሶዶ የተደረገውና በ2014 ዓ.ም. የታተመው ጥናት አሳይቷል። በዚያ ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር፥ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ወደየቤቱ እየሄዱ ሕመምተኛውን ከቤተሰቡ፥ ከሥራውና ከመንደሩ ጋር እንዲያገናኙት ተደረገ። ከ12 ወር በኋላ እነዚህ ሕመምተኞች ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ ለመምራት ችለዋል።

ከላስታ ተራሮች እስከ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጎረቤት ግን ቅርብ ነው። ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የመጣውን ምእመን እግር ማጠብ የአገሩ ሰው የቆየ ልማድ ነው። የማያውቀውን መንገደኛ እንዲህ የሚቀበል ሕዝብ፥ የጎረቤቱን የታመመ ልጅ ከማኅበሩ፥ ከደቦውና ከዕድሩ ሊለየው አይገባም።

በየወረዳው የምትመደቡ ወጣት ሠራተኞችና ነገ የምትተኩአቸው ተማሪዎች ሆይ! ድባቴ ሕክምና ያለው ሕመም መሆኑን ለቤተሰቡ ንገሩ። ሞትን ያስብ እንደ ሆነ ሕመምተኛውን በርኅራኄ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ለጠበል የሄደውም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ከካህናቱ ጋር ተመካከሩ። መድኃኒቱን ዋጠ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ፥ ከማን ጋር በላ፥ ማንስ ጠየቀው ብላችሁም እንድትጠይቁ አደራ እንላለን።