ቴአትር ያለ መምህር አይቀናም

«ቴአትር ምን መማር ያሻዋል? ቃሉን ሸምድዶ በሰው ፊት መጮኽ አይደለምን?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሌሎች ደግሞ፥ ይልቁንም ከካህናት ወገን፥ «የአዝማሪ ጨዋታ ነውና ለጨዋ ልጅ ነውር ነው» ይላሉ። የፊተኞቹ ሥራውን አቃለሉት፤ የኋለኞቹ አረከሱት። ሁለቱም ግን ባልመረመሩት ነገር በመፍረድ አንድ ናቸው።

ለፊተኞቹ መልሱ ከቅኔ ቤት ይገኛል። ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ሳይነሣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ አይዘልም። የአቋቋም ተማሪም ድምፁ ከጸናጽሉ፥ እግሩ ከመቋሚያው እስኪስማማ ድረስ ብዙ ዘመን ይደክማል። እንግዲህ በመድረክ ላይ የሌላውን ሰው ኀዘን ተሸክሞ የሚቆም ሰው ያለ ትምህርት እንዴት ይበቃል? ማልቀስን ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን በኋላ ወንበር የተቀመጠው እንዲሰማ ቃልን ሳይውጡ ማልቀስ፥ ባልንጀራ ሲናገር ከልብ ማድመጥ፥ በዝምታም መናገር በልምምድ የሚገኝ ጥበብ ነው። ደራሲውም እንዲሁ ነው። ታሪኩ ሰም፥ ምክሩ ወርቅ ነውና፥ ምክሩን ገልጦ በተዋናይ አፍ የሚሰብክ ደራሲ ሰም የሌለው ቅኔ እንደ ተቀኘ ይቈጠራል።

የኋለኞቹ «ዮሐንስ አፈ ወርቅ ቴአትርን ነቅፏል» ቢሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሊቁ በአንጾኪያና በቍስጥንጥንያ የወቀሰው፥ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያንን ትቶ የሚሮጥበትን የዝሙት ትርኢትና የፈረስ እሽቅድምድም ነበር። ጽዋ ስካር ቢሞላበት ይታጠባል እንጂ አይሰበርም።

የአገራችንም ታሪክ ይመሰክራል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ተረት የመንግሥትን ሥራ የሚነቅፍ ቴአትር ቢያሳዩ፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ከንቱ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር? ከእርሳቸውም በኋላ፥ በ1939 ዓ.ም. ያረፉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፥ ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የወጡ ባለ ቅኔ ነበሩ፤ ወደ መድረክ ሲወጡም ቅኔያቸውን በደጅ ጥለው አልገቡም። ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ የተረጐሙት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በልጅነታቸው የግዕዝንና የቅኔን ትምህርት ቀምሰዋል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል ተከፍቷል። እንግዲህ በር አልጠፋም፤ የጠፋው ልጁን ወደ በሩ የሚልክ አባት ነው። የቅኔው ልጅ ከደጅ ሲቀር መድረኩ ሳቅ ብቻ ለሚሸጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ «ቴአትር ረከሰ» ብለው የሚጮኹት እነዚያው የከለከሉት ናቸው። እርሻውን ጥሎ የሄደ ገበሬ ግን በአረሙ ሊያማርር አይገባውም።