ሞተሩ የተፈታ መኪና እፈልጋለሁ

ሰሞኑን ለአንድ ወዳጄ አሮጌ ፒክአፕ ስናፈላልግ ነበር። ያየናቸው ማስታወቂያዎችም ያነጋገርናቸው ደላሎችም የተማከሩ ይመስል የሚሉት አንድ ነው፤ «ሃይሉክስ ነው፣ ሞተሩ ፈጽሞ ያልተነካ!» ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና ነው እንግዲህ እንዲህ የሚባልለት። እንዲህ ሲባል በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ዘንድሮም ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲያውም ብሶበታል።

ሠላሳ ዓመት ያልተነካ ሞተር ማለት የሠላሳ ዓመት ጎማ ሆዱ ውስጥ የያዘ ሞተር ነው። ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግዱት ፓራሊዮዎች ጎማ ናቸው። የቫልቭ ጎሚኒዎችም እንዲሁ። ሙቀት ሲመላለስባቸው ይደርቃሉ፣ ይጠጥራሉ፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃሉ። በብረቶቹ መጋጠሚያ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተጨፍልቆ ልስላሴውን ያጣል። የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ሻጩ ይህን ሁሉ «ያልተነካ» ብሎ በኩራት ያቀርበዋል፤ ገዢውም ሰምቶ ዋጋ ይጨምርለታል። እኔን የሚያስደስተኝ ሻጭ «ሞተሩ ተፈትቷል፣ ታጥቧል፣ ፓራሊዮው በሙሉ ተቀይሯል፣ ደረሰኙ ይኸውና» የሚለኝ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ዋጋ ለመጨመር አላመነታም።

«ሞተር አንዴ ከተፈታ አበቃለት» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በችኮላ ተፈትቶ፣ ሳይታጠብ ተመልሶ፣ በሲሊኮን ተለጥፎ የተሰጣቸው ሞተር ነው ያስፈራቸው። ያ ግን የመጥፎ ሥራ ውጤት ነው። ቁስል በቆሸሸ እጅ ታከመ ተብሎ ሕክምና አይከለከልም።

የአክስቴን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ከመቂ አዲስ አበባ ሽንኩርት የሚያመላልስበት የናፍጣ ሃይሉክስ አለው፤ 3ኤል የሚባለው ባለ 2,779 ሲሲ ሞተር ያለበት። ሲገዛው «ያልተነካ» ነበር። የቀድሞው ባለቤት ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ብቻ የሚነዳው የከተማ ሰው መሆኑም እንደ ትልቅ ጥቅም ተነገረው። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ቦታ ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። ጋራዥ ገባ። ካምቢዮ ወረደ፣ ፍሪሲዮን ወጣ፣ የኋላው ፓራሊዮ ተቀየረ። ጥቂት ጊዜ ጭኖ እንደተመላለሰ ዘይቱ ተመልሶ መጣ። «ከሶማሌ ተራ ያመጣኸው ፓራሊዮ ፎርጅድ ነው» ተባለና ሌላ ተገዛ፤ ካምቢዮው እንደገና ወረደ። ለጥንቃቄ ተብሎ የዘይት ገንዳው ዙሪያውን ሲሊኮን በገፍ ተቀባ። ዘይቱ አሁንም ወጣ።

በስተመጨረሻ አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ሰውየው መኪናው ሥር አልገቡም። ኮፈኑን አስከፍተው፣ ከቫልቭ ክዳኑ ተነሥታ ወደ አየር ማስገቢያው የምትሄደውን ቱቦ ነቅለው በኮምፕረሰር ነፉባት። አየር አላለፈም።

«ጋሼ፣ ፓራሊዮው ፎርጅድ ነው ብለውኝ ነበር» አላቸው የአክስቴ ልጅ።

«ፓራሊዮው ምን አጠፋ ልጄ? ሞተርህ መተንፈሻ አጥቷል። በበሩ ካላስወጣኸው አጥር ይጥሳል።»

ነገሩ ይኸው ነው። ፒስቶን ላይ ያለው ፋሻ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን፣ ከሚነደው ጋዝ ጥቂቱ እየሾለከ ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። ያ ጋዝ በመተንፈሻው ቱቦ ወጥቶ እንደገና እንዲቃጠል ነው የተሠራው። መተንፈሻው በዝቃጭ ሲደፈን ግፊቱ ሞተሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ደካማ የሆነውን ፓራሊዮ ፈልጎ ዘይቱን ገፍቶ ያወጣዋል። በዚህ ሁኔታ ላይ የጃፓን ኦሪጅናል ፓራሊዮ ብትገጥሙለትም ያፈሳል። የአክስቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ካምቢዮ ያስወረደው አንዲት ቱቦ ነቅሎ የሚያይለት ሰው በማጣቱ ነው።

ሞተሩ ተፈታ። የቫልቭ ክዳኑ ሲነሣ ብረት አይታይም ነበር፤ እንደ ቡና አተላ የጠቆረና የወፈረ ነገር ሁሉንም ሸፍኖታል። ቫልቮቹን ከያዘው ቴስታታ ወደ ታች ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ገሚሶቹ ተደፍነዋል። ዘይቱ እላይ ተኝቶ በደረቁት የቫልቭ ጎሚኒዎች በኩል እየወረደ ይቃጠል ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት የሚታየው ሰማያዊ ጭስም ምክንያቱ ታወቀ። ገንዳው ሲወርድ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ዘይት ፖምፓው የሚመጥበት ወንፊት ላይ ዝቃጩና የሲሊኮን ቁርጥራጭ ተጣብቀዋል። ለጥንቃቄ ተብሎ የተቀባው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተርፎ፣ ተቆርጦ፣ የሞተሩን ጉሮሮ ሊዘጋ ነበር። ወንፊቱ ሙሉ በሙሉ ቢደፈን ኖሮ ሽንኩርቱ ሞጆ መንገድ ላይ ይበሰብስ ነበር፤ ሞተሩም ከነዋናው ዘንግ፣ ከነኮሎው ይጣል ነበር።

ብዙ ሰው ይህ ዝቃጭ ከመንገድ አቧራ የሚመጣ ይመስለዋል። አብዛኛው ግን እዚያው ሞተሩ ውስጥ የሚሠራ ነው። ዘይት በሙቀትና በአየር ይበላሻል፤ ከናፍጣው የሚወጣው ጥላሸት ይቀላቀልበታል፤ ውኃም ይጨመራል። ውኃው ከየት መጣ ለምትሉ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይፈጥራል። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በማርሚታው ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፋሻው ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀና ረዘም ላለ ጊዜ ከተነዳ ያ ውኃ ተንኖ ይሄዳል። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት በሚነዳ መኪና ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውኃው እዚያው ይቀራል። እንግዲህ ለአክስቴ ልጅ እንደ ጥቅም የተነገረው ነገር የበሽታው መነሻ ነበር።

አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ በሽታ የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። አየሩ ሲሳሳ፣ ለቆላ የተስተካከለ አሮጌ የናፍጣ ፖምፓ ነዳጁን ያበዛዋል፤ ያልነደደው ጥላሸት ይሆናል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርዱን ጨምሩበት። ሞተሩ መኪናው ቆሞ የሚያንጎራጉርበትን የመንገድ መጨናነቅም ጨምሩበት። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ ያሳያል፤ ሞተሩ ግን ሲሠራ ውሏል። ስለዚህ የከተማ ሰው የአሮጌ መኪናውን ዘይት የሚቀይርበትን ጊዜ በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር የለበትም፤ ወሩንም ይቁጠር።

አሁን ወደ ሌላው ጠቤ ልሂድ። ፍላሽ የሚባለውን ፈሳሽ አሮጌው ዘይት ላይ ጨምሮ፣ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማፍሰስን «ሞተር ማጠብ» ብለው ለሚሸጡ ሰዎች የምለው አለኝ። በየጊዜው ዘይቱ ለተቀየረለት፣ ስስ ቆሻሻ ብቻ ላለበት ሞተር ምናልባት አይጎዳም። ለዓመታት ዝቃጭ ለተጋገረበት ግን አደጋ ነው። ፈሳሹ ሁሉንም አያሟሟውም፤ ከፊሉን ፈንቅሎ ወደ ታች ይልከዋል። የተፈነቀለው የሚያርፈው ወንፊቱ ላይ ነው። የዘይት መብራቱ ሲበራ ጊዜው አልፏል።

ሌላው የሚቆጨኝ ጥቁር ዘይትን መፍራት ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ አዲስ ዘይት ቶሎ ሲጠቁር «ዘይቱ የውሸት ነው» ብለው የሚጣሉ አሉ። ጥሩ የናፍጣ ሞተር ዘይት ውስጥ ጥላሸቱን አንሥቶ ተሸክሞ የሚዞር ማጽጃ ቅመም አለ፤ የሚጠቁረው ሥራውን ስለሚሠራ ነው። ቆሻሻውን የተሸከመ ዘይት ሲፈስ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ጥላሸት በሚያመርት ሞተር ውስጥ ውሎ አድሮ ንጹሕ መስሎ የሚታይ ዘይት ካጋጠማችሁ ግን ጠርጥሩ፤ ጥላሸቱን ብረቱ ላይ ትቶት ሊሆን ይችላል።

ስለ ዝቃጭ ሳወራ የሚሰጠኝ «ቶዮታ አይሞትም» የሚለው መልስም ስለሰለቸኝ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቶዮታ ራሱ ከ1997 እስከ 2002 ለተሠሩ 3.3 ሚሊዮን ገደማ የቶዮታና የሌክሰስ መኪኖች፣ ሞተራቸው በዘይት ዝቃጭ ከተጎዳ ለመጠገን ልዩ ዋስትና ለመስጠት ተገድዷል። እነዚያ የቤንዚን ሞተሮች ነበሩ፤ ያኔም ገና አዲስ ነበሩ። አዲሱን ያልማረ ዝቃጭ የሠላሳ ዓመቱን ሃይሉክስ በስሙ አይምረውም።

ታዲያ በደንብ መፍታት ማለት ምንድን ነው? ከመፈታቱ በፊት ኮምፕሬሽን ይለካል፤ ፋሻው ካለቀ እጥበት ብቻውን አያድነውም። ዘይቱ ወተት መስሎ እንደሆነ ይታያል፤ ከመሰለ ከራዲያተሩ ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላልና የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ይጠረጠራል። ከዚያ ክዳኑና ገንዳው ይወርዳሉ። የወረደው ሁሉ በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል። ሞተሩ ላይ የሚቀረው ዝቃጭ ቀዳዳዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ተደፍነው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይፋቃል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ክልክል ነው፤ ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ብሮንዞች ይበላል። ወንፊቱ፣ መተንፈሻው፣ የዘይት መመለሻዎቹ ለየብቻ ይታያሉ። ፓራሊዮ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከንፈሩ ዘይት ይቀባል፤ ዘንጉ ላይ አሮጌው ያሳረፈው ጭረት ካለ አዲሱ ያንኑ ጭረት እንዳይነካ ቦታው ትንሽ ይዛወራል። የፊተኛው ፓራሊዮ ዘይት አፍስሶበት ከነበረ የታይሚንግ ቺንጋውም አብሮ ይቀየራል፤ ይህ ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ቡሎን በቶርክ ሬንች ይጠብቃል እንጂ በክንድ ጉልበት አይደለም፤ የገንዳ ከንፈር ከጎበጠ ምንም ጓርኒሲዮን አይዘጋውም። ሲሊኮን በስሱ፣ ፋብሪካው ባዘዘበት ቦታ ብቻ። በመጨረሻም ዘይቱና ፊልትሮው ከተለመደው ጊዜ ቀድመው አንድ ሁለት ጊዜ ይቀየራሉ፤ የቀረው ቆሻሻ የሚወጣው ያኔ ነው።

ይህን ስጽፍ ሐሳቤ በተደጋጋሚ የሚሄደው ወደ አንድ ልጅ ነው። በዚያ ጋራዥ የአክስቴን ልጅ ሞተር ያጠበው ዋናው መካኒክ አልነበረም። ጥግ ላይ ከተቆረጠ በርሜል ፊት የተቀመጠ ለማጅ ነበር። እጁ እስከ ክንዱ ናፍጣ ውስጥ ነው፤ ጓንት የለውም። እያንዳንዱን ቀዳዳ በሽቦ ጠርጎ፣ በአየር ነፍቶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ወንፊቱን ሦስት ጊዜ መልሶ ሲያጥብ አየሁት። በየጋራዡ ይህ ሥራ የሚሰጠው አዲስ ለገባው፣ ትንሽ ለሚከፈለው፣ ብዙ ጊዜም ምሳውን ብቻ ለሚያገኘው ነው። መካኒኩ የሚገጥመው ያ ልጅ ያጸዳውን ነው። ልጁ አንድ ቀዳዳ ቢያልፍ የመካኒኩ ጥበብ ሁሉ ከንቱ ነው። የሞተሩ ዕድሜ የተወሰነው በርሜሉ ጋ ነው እንጂ መፍቻው ጋ አይደለም። የታጠበበት ቆሻሻ ናፍጣም ዞሮ መሬት ላይ ይደፋል፤ ልጁ የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ ወደፊትም ያስፈልገናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንግዲህ የያዘውን ለረጅም ጊዜ ይነዳዋል። «የኤሌክትሪክ መኪና ይተካዋል» የሚሉኝ ከመቂ ማሳ ሽንኩርት ጭነው ይምጡና እንነጋገር። እስከዚያው እነዚህን ሞተሮች የሚያኖራቸው እጅ ያስፈልጋል። ያ እጅ ጓንት፣ ደመወዝና ክብር ይገባዋል።

ስለዚህ ሞተር ልታስፈቱ ጋራዥ የምትገቡ አንባቢዎቼ፣ ሒሳቡን ስትነጋገሩ እጥበቱ ስንት ተብሎ እንደተያዘ ጠይቁ። «እሱ ምን ሒሳብ አለው፣ ልጁ ያጥበዋል» ከተባላችሁ ለብቻው ዋጋ እንዲወጣለት አድርጉ፤ ገንዘቡም ለሚያጥበው ልጅ እንዲደርስ ዋናውን መካኒክ ፊት ለፊት ተነጋገሩት። በእጥበቱ ላይ የምትጨምሩት ብር ካምቢዮ ደጋግሞ ከማስወረድ ያድናችኋል፤ ልጁም ነገ ቱቦዋን መጀመሪያ ነቅሎ የሚያይ መካኒክ ሆኖ ይጠብቃችኋል።