በኢንተርኔት የሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ሕዝብ እንዲችል አስቀድሞ ስለ ማዘጋጀት

ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥቶ፣ መንገዱን እኩሌታውን በእግሩ እኩሌታውን በመኪና ፈጽሞ፣ ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ የደረሰ ባለጉዳይ፣ ከመስኮቱ በስተውስጥ ከተቀመጠው ጸሐፊ «ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለስ» የሚል ቃል ሲሰማ የሚያድርበትን ኀዘን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለንም። ዱሮ ጉዳይ የሚዘገየው መዝገቡ ጠፋ፣ ሹሙ አልገባም እየተባለ ነበር፤ ባለጉዳዩም ቢያንስ የሚያማርረው ሰው ያገኝ ነበር። ዛሬ ግን ጥፋቱ ሁሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ስለሚላከክ፣ ባለጉዳዩ ኮምፒዩተርን ሊከስ አይችልምና ዝም ብሎ ይመለሳል። እኛ ግን ይህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከአሠራሩ መሆኑን፣ መድኃኒቱም ትልቅ ኮምፒዩተር መግዛት ብቻ ሳይሆን ሥራን አስቀድሞ መለካት፣ መደርደርና ማካፈል መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን።

ነገሩ በአሁኑ ጊዜ ሊታሰብበት የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ዕቅድ አጽድቃለች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዲጂታል መታወቂያን አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አውጥታለች። ስለዚህ ቀድሞ በወረቀትና በማኅተም ይፈጸም የነበረው ጉዳይ ዕለት ዕለት ወደ ድረ ገጽ እየተዛወረ ነው። በወረቀት ጊዜ ሰልፉ በዓይን ይታይ ነበር፤ አለቃውም በመስኮት ተመልክቶ ሁለተኛ ጸሐፊ ይጨምር ነበር። በኢንተርኔት ግን ሰልፉ አይታይም። የፈተና ውጤት በሚነገርበት ዕለት ወይም ግብር የመክፈያው ቀን ሊያልቅ ሲል፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በአንዲት ሰዓት ከአንድ በር ላይ ይቆማል፤ በሩ ሲዘጋም ከውስጥ ያለው ሹም የሚያየው ባዶ ግቢ ነው።

ብዙ ሕዝብ በአንድ ፈራጅ ደጅ መቆሙ አዲስ ነገር አይደለም። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 18 እንደሚነግረን፣ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ በሕዝቡ ላይ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ አሠራሩን አልወደደውም። ዮቶር ሙሴን ኃይል ጨምር፣ ሌሊቱንም ፍረድ ብሎ አልመከረውም፤ የሺህና የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን ሹም፣ ቀላሉን ነገር እነርሱ ይጨርሱት፣ የከበደው ብቻ ወደ አንተ ይምጣ አለው እንጂ። ዛሬ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ለብዙ ሕዝብ የሚበቃ ድረ ገጽ ሲሠሩ የሚከተሉት ሥርዓት ከዚህ ምክር ብዙም የራቀ አይደለም።

ምክሩን ችላ ማለት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከአሜሪካ መንግሥት ታሪክ መማር ይቻላል። በፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ዘመን በወጣው የጤና ዋስትና ሕግ መሠረት፣ ሕዝቡ ዋስትና የሚገዛበት ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የተባለ ድረ ገጽ በመስከረም 21 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን 2013፣ ተከፈተ። የ36 ክፍላተ ሀገር ሕዝብ የሚጠቀመው በዚሁ ነበር። ሹማምንቱ በዚያን ጊዜ እንደ ተናገሩት፣ በአንድ ጊዜ የገባው ሰው እስከ 250 ሺህ ደርሶ ከታሰበው አምስት እጥፍ ያህል ሆነ። ድረ ገጹም ወዲያው ተሰናከለ፤ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን እስከ መጨረሻው የፈጸሙት 6 ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ በኋላ ለአገሩ ምክር ቤት ከቀረበው ጽሑፍ ታወቀ።

ለዚህ ሥራ ገንዘብም ባለሙያም አልጠፋም ነበር። ነገር ግን ሥራውን የተዋዋሉት ኩባንያዎች ለምክር ቤቱ እንደ መሰከሩት፣ ክፍሎቹን ሁሉ አገናኝቶ ከዳር እስከ ዳር መፈተን የተጀመረው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ደግሞም ዋጋውን ለማየት ብቻ የመጣው ሰው ሳይቀር አስቀድሞ ስሙን አስመዝግቦ ማንነቱን እንዲያስረዳ ስለ ታዘዘ፣ ሕዝቡ ሁሉ በአንዲት ጠባብ በር ላይ ተጨናነቀ። ከሁሉ የሚበልጠውን ግን የጤናው ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው መግለጫ ገልጦታል፤ ይኸውም ሥራውን በሙሉ በኀላፊነት የሚመራ አንድ ሰው በግልጥ ተለይቶ አለመታወቁ ነው።

ከዚህ በኋላ ጄፍሪ ዛየንትስ የተባሉ ሰው ጥገናውን እንዲመሩ ታዘዙ፤ ከታወቁ ኩባንያዎችም ባለሙያዎች ተጠርተው መጡ። የድረ ገጹን ድካም ሰዓት በሰዓት የሚያሳይ መለኪያ ተተከለ፤ ዕለት ዕለት ስብሰባ ተደርጎ ስሕተቱ በተራ ተለቀመ፤ ሰርቨር ተጨመረ፤ ዋጋ ለማየት የመጣው ሳይመዘገብ እንዲያይ ተፈቀደ፤ ሕዝቡም ሲበዛ ተራ የሚጠብቅበት ስፍራ ተዘጋጀ። እስከ ኅዳር 22 ቀን 2006 ዓ.ም. ድረስ ከ400 በላይ እርማት ተደርጎ፣ አንዱን ገጽ ለመክፈት ይፈጅ የነበረው 8 ሰከንድ ከአንድ ሰከንድ በታች ሆነ፤ ድረ ገጹም በአንድ ጊዜ 50 ሺህ ሰው እንዲችል መደረጉን መንግሥቱ አስታወቀ። የዚያ ዓመት ምዝገባ ሲዘጋ በዚሁ መንገድ የተመዘገበው ሕዝብ ከ5 ሚሊዮን በላይ ነበር። በሁለት ወር የተደረገው ሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚችል እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት መለካት ነው። ዴንማርካዊው ሊቅ ኤርላንግ በኮፐንሃገን የቴሌፎን ኩባንያ ሲያገለግል፣ በ1909 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፍ የሰልፍን ሒሳብ መሠረት ጥሏል። በዚህ ሒሳብ እንደሚታወቀው፣ ባለጉዳዮች ያለ ቀጠሮ የሚመጡበትና አንዱን ጉዳይ በአማካይ በአንድ ደቂቃ የሚጨርስ ጸሐፊ ቢኖር፣ ከጊዜው እኩሌታው በሥራ ሲያዝ ባለጉዳዩ ገብቶ እስኪወጣ 2 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ከመቶው 90 እጅ ሲያዝ 10 ደቂቃ፣ ከመቶው 99 እጅ ሲያዝ ግን 100 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ «ትናንት ደኅና ይሠራ ነበር» ማለት ለነገ ዋስትና አይሆንም፤ በጥቂት ሰው መጨመር ብቻ አገልግሎቱ በድንገት ሊቆም ይችላልና። ስለዚህ ድረ ገጽ ለሕዝብ ሳይከፈት በፊት፣ ከሚጠበቀው ሕዝብ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጥያቄ በሰው ሠራሽ መንገድ እየተላከበት መፈተን ይገባዋል።

ሁለተኛው ትምህርት መደርደር ነው። ስንክሳር በወርና በቀን ተደርድሮ ባይጻፍ ኖሮ፣ ካህኑ የዕለቱን ቅዱስ ታሪክ ለማግኘት በየጥዋቱ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መገልበጥ በተገባው ነበር። ባለሙያዎች ዳታቤዝ የሚሉት የኮምፒዩተር መዝገብም እንዲሁ ነው። አንድ ሚሊዮን ስም ያለ ተራ ቢከማች፣ አንዱን ሰው ለማግኘት እስከ ሚሊዮን ጊዜ መመልከት ያሻል፤ በፊደል ተራ ተደርድሮ ማውጫ ቢበጅለት ግን ከመካከሉ እየከፈሉ በ20 ጊዜ ያህል ማየት ይገኛል። ብዙ ጊዜ «ኮምፒዩተሩ አረጀ» የሚባለው፣ አርጅቶ ሳይሆን ማውጫ ስላልተበጀለት ነው።

ከዚሁ ጋራ የሚሄደው፣ አንድ ጊዜ የተሠራውን ሥራ ደግሞ ደጋግሞ አለመሥራት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት አስልተው በመስከረም 1 ቀን ለሕዝብ ያውጃሉ እንጂ፣ ምእመናን ሁሉ በየቤታቸው መጥቅዕና አበቅቴ እንዲያሰሉ አይጠበቅባቸውም። ድረ ገጽም ለሁሉ አንድ የሆነውን መልስ፣ ለምሳሌ የአገልግሎት ዋጋንና የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች ዝርዝር፣ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ከቅርብ ቢያስቀምጥ ለመጣው ሁሉ ሳይደክም ያድላል። ሆኖም የዓምናው አዋጅ ለዘንድሮ ጾም እንደማይሆን ሁሉ፣ የተቀመጠው መልስም ነገሩ በተለወጠ ጊዜ ወዲያው ሊታደስ ይገባል፤ ያለዚያ ፍጥነቱ ሕዝቡን ቶሎ ለማሳሳት ይሆናል።

ሦስተኛው ማካፈል ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ትልቁ ኮምፒዩተር ዋጋው እጅግ ይወደዳል፤ አንድም ስለ ሆነ የተበላሸ ዕለት አገልግሎቱ በሙሉ ይቆማል። ብዙ መካከለኛ ሰርቨሮች ተሰልፈው፣ የመጣውን ጥያቄ የሚያከፋፍል አንድ አጋፋሪ በፊታቸው ቢቆም፣ አጋፋሪውም ራሱ ምትክ ቢኖረው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካል፤ ሕዝብ ሲበዛም ይጨመራል። ነገር ግን ማካፈልም ወሰን አለው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጂን አምዳል በ1967 በፈረንጆች አቆጣጠር እንዳስረዳው፣ ከሥራው ዐሥረኛው እጅ በአንዱ ብቻ የሚፈጸም ከሆነ፣ ሠራተኛው ሺህም ቢሆን ፍጥነቱ ከዐሥር እጥፍ አያልፍም። ስለዚህ ማኅተሙ በአንድ ሰው እጅ ያለበት መሥሪያ ቤት መቶ ጸሐፊ ቢቀጥር እንደማይፈጥን ሁሉ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ አንድ መዝገብ የሚሮጥበት ድረ ገጽ መቶ ሰርቨር ቢገዛለት አይፈጥንም። ቀላሉ ነገር ከታች አልቆ የከበደው ብቻ ወደ ላይ እንዲወጣ የመከረው የዮቶር ጥበብ እዚህ ላይ ይገለጣል።

ደግሞ የገጠሩን ሰው ማሰብ ይገባል። በመስተዋት ክር ውስጥ የሚሮጠው ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሰርቨሩ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር የራቀ እንደ ሆነ፣ አንድ ጥያቄ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ 60 እጁን ይፈጃል። ይህ ለብቻው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ገጽ ሳይከፈት 50 ጊዜ በተራ የሚመላለስ ቢሆን 3 ሰከንድ በመንገድ ብቻ ያልፋል። ገጹም በትልልቅ ሥዕሎችና በማያስፈልግ ጌጥ ከተሞላ፣ ኢንተርኔትን በሜጋባይት እየገዛ በትንሽ ስልክ የሚጠቀመው ድኻ፣ ለማያየው ጌጥ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ ድረ ገጽ በዋና ከተማ ባለው መልካም ኮምፒዩተር ላይ ሲያምር አይቶ መረከብ ትክክል አይደለም፤ በገጠር በሚገኘው ደካማ መስመርና በርካሹ ስልክ ተፈትኖ መታየት አለበት።

ምናልባት «ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ሹም ምን አገባው» የሚል ይኖር ይሆናል። ድልድይ የሚያሠራ ሹም የብረቱን ሒሳብ ራሱ ባያወጣም፣ ድልድዩ ስንት ጭነት እንደሚችል ሳይጠይቅ አይረከብም። እንዲሁም ድረ ገጽ የሚያሠራ ሹም የሚከተሉትን ሳይጠይቅ መረከብ የለበትም፤ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይችላል፣ ይህስ በምን ፈተና ታወቀ? ከአቅሙ በላይ ሰው በመጣ ጊዜ ሁሉም ከሚወድቅ ተራ የሚያስጠብቅበት ሥርዓት አለው ወይ? በሌሊትም ቢሆን ሲሰናከል ቀድሞ የሚያውቀውና የሚጠየቀው ሰው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ያልተገኘለት ሥራ፣ ገንዘብ የወጣበት ቢሆንም፣ ገና አላለቀም።

ፍርድንና አገልግሎትን ማዘግየት መከልከል ማለት መሆኑን ከመጻሕፍትም ከኑሮም እናውቃለን። ሌሊት ተነሥቶ የመጣው ባለጉዳይ ስለ ሰርቨርና ስለ ዳታቤዝ እንዲያውቅ አይገደድም፤ እርሱ የሚጠብቀው ጉዳዩ ተፈጽሞለት ሳይመሽ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ኀላፊዎች ሕዝቡ ከደጃፍ ተሰልፎ ሳያለቅስ በፊት በሩን እንዲያሰፉ፣ «ሲስተም የለም» የሚለውም ቃል እንደ ተራ ነገር ሳይሆን ምክንያቱ ተመርምሮ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥበት ጥፋት ተብሎ እንዲቈጠር በትሕትና እናሳስባለን።