ደወል የሌለው ፈረቃ

በአቃቂ ቃሊቲ አንዲት እናትና ልጃቸው በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። እናትዬዋ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአካባቢው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርተዋል። ልጃቸው ደግሞ የአንድ ድርጅትን ሒሳብ ቤቷ ሆና በላፕቶፕ ትሠራለች። ጎረቤት «ታድላ! ከልጇ ሳትለይ ደመወዝ ታገኛለች» ይላል። እርሷም አትክድም። ሕፃኗን እያጠባች መሥራቷ፣ እስከ ፒያሳ በታክሲ ሰልፍ ታጠፋው የነበረው ጊዜ መትረፉ ደስ ያሰኛታል።

ይህን ደስታ የሚያደፈርሰው ስልኳ ነው። አለቃዋ በቴሌግራም «አለሽ?» ይላል፤ ወዲያው ካልመለሰች «የት ሄደሽ ነው?» ይከተላል። መብራት ወይም ኔትወርክ በጠፋ ቀን ጥፋቱ የእርሷ ይመስል ስታስረዳ ትውላለች፤ የባከነውንም ሰዓት ለማካካስ እስከ እኩለ ሌሊት ትቀመጣለች። ወጥ ያረረባት፣ ያለ ምክንያት ሕፃኗን የተቆጣችበት ቀን ጥቂት አይደለም።

«የማሽኑ ድምፅ ጆሮዬን ቢያደነቁረኝም፣ ደወል ሲደወል ለተረኛዋ አስረክቤ እወጣ ነበር» ይላሉ እናት። «ማሽኑ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ አያውቅም። የእርሷን ማን ይረከባት?»

ድካሙ ራሱ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ክሬግ ብሮድ ኮምፒውተር በሠራተኛ ላይ ስለሚያስከትለው ጭንቀት እ.ኤ.አ. በ1984 መጽሐፍ አሳትሟል። በአገራችንም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ መደረጉ ይታወሳል።

ሕጉን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የቤት ውስጥ ሥራ ውል የሚባለው ሠራተኛው ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር በቤቱ ሲሠራ መሆኑን ይገልጻል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ «አለሽ?» ማለት ቁጥጥር ካልሆነ ምንድን ነው? የሚቆጣጠር አሠሪ ደግሞ በዚሁ አዋጅ የተወሰነውን፣ በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት የሚለውን ሊያከብር ይገባል። ከዚያ በላይ ካሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለበት። እኅቶች ሥራውን ስትቀበሉ የሥራ ሰዓታችሁን፣ የኢንተርኔቱን ወጪ የሚችለውን ወገን፣ መብራት ሲጠፋም ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ አስይዙ።

ይህች ወጣት መጀመሪያ አላስያዘችም። አሁን ግን መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት በደብተር እየመዘገበች ለአለቃዋ አቅርባለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መልእክት እንዳይላክላት ተስማምቶላታል። ስለ መብራቱ እስካሁን መልስ አልሰጣትም።