ለውጭ ገበያ መድኃኒት፣ ለሀገር ልጅ ወንጀል

በአካባቢያችን የካናቢስ ስም ሲነሣ ሁለት ዓይነት ጩኸት ይሰማል። አንደኛው ወገን ነገሩን ሳይመረምር «ሐሺሽ ነው፣ ትውልድ አጥፊ ነው» ብሎ ጆሮውን ይደፍናል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከካንሰር እስከ ሽባነት የማይፈውሰው ደዌ የለም እያለ ቅጠሉን እንደ ጠበል ይሰብካል። በሁለቱ ጩኸት መካከል ድምፁ የማይሰማ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ አልጋ ላይ የዋለው ሕመምተኛ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለእርሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር ይኖራሉ። ዋነኞቹ መንሥኤዎች መውደቅ፣ የመንገድ አደጋና የኃይል ጥቃት ናቸው። ሦስቱም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በናይሮቢና በካምፓላ ቦዳ ቦዳ፣ በአዲስ አበባ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነት፣ በዐረብ ሀገር ደግሞ የፎቅ መስኮት የስንቱን ወጣት ወገብ እንደ ሰበረ አንባቢ ያውቀዋል።

ሽባነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የእግርን አለመንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሕመምተኛውን ሌሊት የሚያስለቅሰው ግን ሌላ ነው። ምንም ስሜት የለውም በተባለው እግር ውስጥ እንደ እሳት የሚለበልብ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር የነርቭ ሕመም አለ። ጡንቻዎቹም ሳይታዘዙ ይኮማተራሉ፤ እግሩ በራሱ ይፈራገጣል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ አንዳንዴም ከተሽከርካሪ ወንበሩ ይጥለዋል። መፋተጉ ቆዳውን ይልጠዋል፤ የተላጠው ቆዳ የአልጋ ቁስል ይሆናል፤ የአልጋ ቁስልም ሲያመረቅዝ ይገድላል። ለዚህ ሁሉ ባክሎፌን፣ ጋባፔንቲን፣ አሚትሪፕቲሊንና የመሳሰሉት ይታዘዛሉ። ለአንዳንዱ ይበጃሉ፤ ለብዙዎች ግን አይበቁም። የካናቢስ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ፣ ከእነዚህ ጋር ተደርቦ በሚሰጥ ማሟያ ሕክምናነት ነው።

ለመሆኑ ሳይንሱ ምን ይላል? ካናቢስ የተበጠሰ ኅብለ ሰረሰር አይቀጥልም፤ እንዲህ የሚል ሁሉ ነጋዴ ነው። ሕመምንና የጡንቻ መኮማተርን ስለማስታገስ ግን የሚነገር ነገር አለ። ከዕፁ ተቀምሞ በአፍ ውስጥ የሚነፋው ሳቲቬክስ የተባለው መድኃኒት መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው የነርቭ በሽታ ለሚመጣ መኮማተር እ.ኤ.አ. በ2010 በብሪታንያ ፈቃድ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የአሜሪካ ጥናት የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ወይም በሽታ ያለባቸው 42 ሰዎች በእንፋሎት መልክ ወስደውት የነርቭ ሕመማቸው ቀንሷል፤ መጠኑ ሲጨምር የአእምሮ መደንዘዙም ጨምሯል። በሌላ በኩል የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ሰፊ ግምገማ፣ በኅብለ ሰረሰር ጉዳት ለሚመጣ መኮማተር ማስረጃው ይረዳል ለማለትም ሆነ አይረዳም ለማለት እንደማይበቃ ጽፈዋል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕመም ማስታገሻነት በአጠቃላይ እንደማይደግፈው አስታውቋል።

ተቃዋሚዎች ይህን ይዘው «እንግዲያውስ ነገሩ አበቃ» ይላሉ። አላበቃም! ማስረጃው አልበቃም ማለት ይጠና ማለት ነው። ሕጉ ምርምሩን ራሱን በር ዘግቶ ካስቀረ በኋላ «ማስረጃ የታለ?» ብሎ መጠየቅ እጅን አስሮ «ለምን አትዋኝም?» እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክሴ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን በ1961 ስምምነት ከሄሮይን ጋር ከተመደበበት አራተኛው ሰንጠረዥ አውጥቶታል። ጥብቅ ቁጥጥሩ ግን አልተነሣም። አፍሪካም ዝም አላለችም። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና የሚሆን ካናቢስ የማምረት ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ ማላዊ በ2020 ሕግ አወጣች። ጎረቤታችን ሩዋንዳም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የምርት መመሪያ አጸደቀች፤ ነገር ግን ምርቱ ለውጭ ገበያ ብቻ መሆኑን፣ በሀገር ውስጥ መጠቀም ግን እንደ ተከለከለ መሆኑን መንግሥቷ በግልጽ ተናገረ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። አፈሩ የእኛ፣ ውኃው የእኛ፣ የሚኮተኩተው እጅ የእኛ፤ የሚታገሠው ሕመም ግን የባዕድ ነው። ያው ዕፅ ድንበር ሲሻገር መድኃኒት፣ በመንደራችን ሲገኝ ወንጀል ይሆናል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

«ወጣቱ ይጠፋል» የሚለውን ሥጋት አልንቀውም። ካናቢስ በተለይ በለጋ ዕድሜ ሲወሰድ አእምሮን ሊያውክ እንደሚችል የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህን ፍርሃት ከዚህ በፊትም ሰምተነዋል፤ ያኔ የተፈራው ሞርፊን ነበር። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 በካምፓላ ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳን መሥርተው በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ለሕሙማን ማዳረስ ጀመሩ። የዩጋንዳ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች እንዲያዝዙት ፈቀደ። የተፈራው የሱስ ጎርፍ አልመጣም፤ የመጣው የብዙ ሕሙማን እፎይታ ነው። ከካናቢስ ይልቅ እጅግ ኃይለኛ የሆነውን ሞርፊን በቁጥጥር ማስተዳደር የቻለ ክፍለ ዓለም ይህን አልችልም ቢል ማን ያምነዋል?

ደግሞስ ስለ ትውልድ የሚቆረቆረው ማን ነው? ጫትን በየቀኑ እየጫነ ወደ ጂቡቲ የሚልክ፣ ሚራን በሕግ እንደ ሰብል የሚያስመዘግብ፣ አረቄን በየጓሮው የሚያወጣ ኅብረተሰብ ነው። ጫት ስለ ተፈቀደ ካናቢስም ይፈቀድ እያልሁ አይደለም። የደስታ ፈላጊውን ምርቃና በትዕግሥት የሚያልፍ ሸንጎ የሕመምተኛውን ጥያቄ በሥነ ምግባር ስም ሊዘጋው አይገባም እላለሁ።

«ካቴተርና ተሽከርካሪ ወንበር በሌለበት ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው። በእውነትም ባክሎፌን ከመድኃኒት ቤት እንዳይጠፋ፣ የአልጋ ቁስልን መከላከያ ፍራሽ እንዲገኝ ማድረግ ይቀድማል። ነገር ግን ሕግን ማስተካከል ከፍራሽ መግዣው ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይቀንስም። ዝምታው ግን ዋጋ አለው። ሕመሙ ያንገሸገሸው ሰው ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ነገር ከመንደር ሻጭ ይገዛል፤ እንዳይከሰስ ፈርቶም ለሐኪሙ አይነግርም። ሐኪሙ ሳያውቅ ባክሎፌን ሲጨምርለት ድንዛዜው ይደራረባል፤ ቀድሞም ቀና ሲል የሚወርደው የደም ግፊቱ ይብስበታል። አንገቱ ላይ ተጎድቶ በቅጡ ማሳል የማይችል ሰው ጭስ ሲስብ ደግሞ ሳንባውን ለአደጋ ይሰጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሕጉ መድኃኒቱንም አስደብቆታል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ የጤናና የፍትሕ ሚኒስቴሮቻችን የሕክምና ምርምርን ከዕፅ ንግድ የሚለይ ግልጽ ድንጋጌ ያውጡ። ሁለተኛ፣ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ መንግሥታት ከምርታቸው ለገዛ ሪፈራል ሆስፒታሎቻቸው ጥናት የሚውል ድርሻ ይመድቡ። ሦስተኛ፣ ጥናቱ በኅብለ ሰረሰር ሕክምና ክፍሎች ይጀመር፤ መጠኑ የተለካ፣ የማይጨስ፣ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያላቸውንና ለጋ ወጣቶችን የማይጨምር ይሁን። ካልሠራ አልሠራም ብለን እንተወው፤ ከሠራ ግን ሕመምተኛው በገዛ አፈሩ ከበቀለው መድኃኒት የሚከለከልበት ምክንያት አይኖርም።

መንግሥት ከዕፁ የውጭ ምንዛሪ ለመሰብሰብ አላፈረም። ለዜጋው አንዲት ሌሊት እንቅልፍ ይገኝበት እንደሆነ ለመመርመርም ሊያፍር አይገባውም።